በደን የእግር መንገድ ላይ ሰው መቁጠር፦ የመናገሻ ሱባ ተሞክሮ

ደን የሚጠብቅና የሚያስጎበኝ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «በዓመት ስንት ሰው ይመጣል?» የሚል ነው። በጀት የሚይዘው ክፍል ይጠይቃል፣ ረጂ ድርጅት ይጠይቃል፣ መጸዳጃ ቤቱ የት ይሠራ የሚለው መሐንዲስም ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ በር ላይ የተቆረጠው ትኬት ተደምሮ የተገኘው ቁጥር ነው። ትኬቱ ግን የሚያውቀው በበሩ የገባውን ብቻ ነው። በሌላ አቅጣጫ በአቋራጭ የገባው፣ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ለመሻገር ደኑን ያቋረጠው፣ ጎህ ሲቀድ ለልምምድ የወጣው ሯጭ በጉርዱ ላይ አይታይም። ከበሩ የገባውም ቢሆን የትኛውን መንገድ ይዞ እንደሄደና የት ድረስ እንደዘለቀ ትኬቱ አይናገርም።

እኔ በሙያዬ የደን ባለሙያ ነኝ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ በሚገኘው በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ባሉ የእግር መንገዶች ላይ አውቶማቲክ ቆጣሪ ተክለን ከአካባቢው አስጎብኚዎች ጋር ስንከታተል ቆይተናል። በእንጦጦም ይሁን በሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን፣ በባሌም ይሁን በሌላ ቦታ ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመሣሪያው ጋር በሚመጣው መመሪያ ውስጥ የማታገኙትን ነገር ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ደኑን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። መናገሻ ሱባ በአገራችን ረጅም የጥበቃ ታሪክ ካላቸው ደኖች አንዱ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ከታች በኩል ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ይበዛል፤ ወደ ላይ ሲወጡ ኮሶው ይመጣል፤ ከዚያም በላይ አስታው ይከተላል። ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ይደርሳል። ድኩላ፣ ጉሬዛ፣ ከርከሮ፣ ዝንጀሮና ጅብ አሉበት። ከፍታው፣ ጭጋጉና እንስሳቱ ሁሉ ኋላ ላይ በቆጣሪው ቁጥር ውስጥ ገብተው ስላገኘናቸው ነው ይህን አስቀድሜ የማነሳው።

የቆጣሪ ዓይነት ብዙ ነው። ከመሬት በታች ተቀብሮ የእግር ጫናን የሚለይ ንጣፍ አለ። ለብስክሌትና ለመኪና የሚሆን፣ የብረትን ማለፍ የሚለይ የሽቦ ጥቅል አለ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ሳጥን ቆሞ በመካከላቸው የማይታይ ጨረር የሚዘረጋበት፣ ጨረሩ በተቋረጠ ቁጥር አንድ ብሎ የሚመዘግብም አለ። እኛ የተጠቀምነው ፓሲቭ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ነው። ይህኛው ራሱ ምንም ጨረር አይልክም፤ ከገላችን የሚወጣውን ሙቀት ይጠብቃል። ዓይናችንን ጨፍነን በተቀጣጠለ ምድጃ አጠገብ ብናልፍ ጉንጫችን ሙቀቱን እንደሚያውቀው፣ ሴንሰሩም ከጀርባው ካለው ግንድ ወይም አፈር የተለየ ሙቀት ያለው አካል ከፊቱ ሲሻገር ያውቃል። አንድ አነስተኛ ሳጥን ነው፤ በባትሪ ለወራት ይሠራል። ፎቶ አያነሳም፣ ድምፅ አይቀዳም። የሚያስቀምጠው በየሰዓቱ ስንት ጊዜ አንድ ነገር እንዳለፈ ብቻ ነው።

ይህ አሠራሩ ጥንካሬውም ድክመቱም ነው። በሙቀት ልዩነት ስለሚሠራ ልዩነቱ ሲጠብ ያየውን ይስታል። ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ከሰው ገላ እኩል ሊሞቅ ይችላል፤ ከዚያ ድንጋይ ፊት ለፊት የሚያልፍ ሰው ለሴንሰሩ ይደበዝዝበታል። በተቃራኒው በንጋት ብርድ ጋቢውን ደርቦ እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው ሲያልፍ፣ የጋቢው ውጪ እንደ አየሩ ቀዝቅዟልና ሴንሰሩ የሚያገኘው ፊቱንና እጁን ብቻ ነው። ፀሐይ ያረፈበት ቅጠል ነፋስ ሲያወዛውዘው ደግሞ ሰው ሳይኖር ሰው ይቆጥራል። መሣሪያውን የሠራው ኩባንያ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ስለ ጋቢ የተጻፈ ነገር የለም። እኛው ከመንገድ ዳር ተቀምጠን ያየነው ነው።

ስለዚህ ቦታ መምረጥ ከመሣሪያው ዋጋ በላይ ያስጨንቃል፤ ሊያስጨንቅም ይገባል። የምንፈልገው ሰዎች ተራ በተራ ለማለፍ የሚገደዱበትን ጠባብ ቦታ ነው፤ በሁለት ትልልቅ ግንዶች መካከል፣ ወይም በአንድ በኩል የአፈር ግድግዳ ያለበትን። ማረፊያ አጠገብ፣ ድልድይ ላይ፣ እይታው በሚያምርበት ገደል አፋፍ፣ አቅጣጫ ጠቋሚ ሰሌዳ ፊት ለፊት አይተከልም። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ይቆማል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንዱ ሰው አራትና አምስት ጊዜ ይቆጠራል። ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ዳገት ነው። ዳገት ላይ ሰው ወሬውን ትቶ ትንፋሹን ይቆጥባል፤ ጎን ለጎን የነበረው ቡድንም ይሳሳና አንድ በአንድ ይሰለፋል።

ከፍታው ከመሬት ከ70 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ዝቅ ካለ ውሻና ሚዳቋ ይበዛበታል፤ ከፍ ካለ ሕፃናት ከሥሩ ያልፋሉ። አቅጣጫው መንገዱን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ፣ ዓይኑም ወፍራም ግንድ ወይም የአፈር ግድግዳ ላይ የሚያርፍ ይሁን እንጂ ባዶ ሰማይ ወይም ሜዳ አይመልከት። ዛፉን በሚስማር አትውጉት፤ ቀበቶ በቂ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ የደኑ እድገት ይለያል። ግንቦት ላይ ባዶ የነበረው የመንገድ ዳር በክረምቱ መካከል ለምልሞ የሴንሰሩን ዓይን ይሸፍነዋል። በዚህ ወቅት ማጭድ የያዘ ሰው ቶሎ ቶሎ ካልተመላለሰ መረጃው ሳይታወቅ ይበላሻል።

ከቦታ መረጣው ቀድሞ ግን የአካባቢውን ሰው ማነጋገር አለ። ዛፍ ላይ የታሰረ እንግዳ ሳጥን ያየ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። አንድ ቀን ቆጣሪውን አስረን ስንጨርስ አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን እየነዱ ደረሱብን። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ በኦሮምኛ ጠየቁ፤ አብሮኝ የነበረው ወጣት አስጎብኚ ተረጎመልኝ። «ልጄ፣ ይህ ዓይን ማንን ነው የሚጠብቀው?» ነበር ያሉት። ሳጥኑን ከፍተን ውስጡን አሳየናቸው። ከዚያ በፊቱ እንዲያልፉ ለመንናቸው፤ ቁጥሩ በአንድ ጨመረ። ተመልሰው አለፉ፤ አሁንም በአንድ ጨመረ። ከኋላቸው ላማቸው ስታልፍም እንዲሁ በአንድ ጨመረ። ሽማግሌው ቁጥሩን ትኩር ብለው አዩና «እኔንና ላሜን ካልለየ፣ ስለ እኔ ምን ትጠይቁታላችሁ?» አሉ። ቀጥለውም ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበትን ቦታና ሰዓት፣ ከየትኛው መታጠፊያ በላይ ከብት እንደማይወጣ በዱላቸው እየጠቆሙ አስረዱን። መሣሪያውን ፈታንና ከዚያ መታጠፊያ በላይ ወዳለው ጠባብ ቦታ ወሰድነው። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካብንም፤ የሳጥኑን ነገር ለመንደሩ ያስረዱት እሳቸው ናቸው።

የእሳቸው ጥያቄ የሥራው ሁሉ ዋና ጥያቄ ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው ማለፍን ነው። ከማለፉ ጀርባ ሰው ይኑር ከብት፣ አንድ ሰው ይሁን ሦስት፣ ለመዝናናት የመጣ ይሁን ጭራሮ ለመልቀም የወጣ፣ ይህን ሊነግረን የሚችለው ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ብቻ ነው። መሣሪያ ገዝቶ፣ ተክሎ፣ ቁጥሩን አውርዶ ሪፖርት መጻፍ የሥራው ቀላል ክፍል ነው። ከባዱ ክፍል ማመሳከሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው።

ማመሳከር ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በዝርዝር ላስረዳ። አንድ ሰው፣ ቢቻል ሁለት፣ ከሴንሰሩ ዓይን ውጪ ሆነው መንገዱን በደንብ ሊያዩ በሚችሉበት ቦታ ይቀመጣሉ። ጥላ ያለበት ቢሆን ጥሩ ነው፤ መንገደኛው ቆሞ እንዳያዋራቸው ከመንገዱ ትንሽ መራቅ አለባቸው። በወረቀት ላይ በየ15 ደቂቃው ያለፈውን ይመዘግባሉ፦ ወደ ላይ የወጣ፣ ወደ ታች የወረደ፣ ብቻውን ወይም በቡድን፣ ምን ዓይነት ሰው። መሣሪያው መረጃውን በየሰዓቱ የሚያጠራቅም ከሆነ የእነሱም አቆጣጠር ሰዓት ሲሞላ ጀምሮ ሰዓት ሲሞላ መጨረስ አለበት፤ ያለዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም። ከዚያ ሁለቱ ቁጥሮች ይነጻጸራሉ። ለምሳሌ በዓይን 120 ሰው ታይቶ መሣሪያው 96 ቢመዘግብ፣ 120 ለ96 ሲካፈል 1.25 ይሆናል። ይህ የዚያ ቦታ ማስተካከያ ቁጥር ነው፤ መሣሪያው ባወጣው ላይ ይባዛል።

ነገር ግን አንድ ማስተካከያ ቁጥር ለሁሉም ቀን አይበቃም። መሣሪያው የሚያሳንስበት ትልቁ ምክንያት ሰዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ አንዱ ሌላውን ስለሚጋርደው ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ተያይዞ ነው የሚሄደው። ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ እናት ልጇን በጎኗ አድርጋ ታልፋለች፤ በእሑድ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣው ቡድን እየዘፈነ በአንድ ላይ ይወጣል። ለሴንሰሩ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ወጣቶች አንድ ናቸው። እንግዲህ በማክሰኞ ጭር ባለ ጠዋት የተወሰደ ማስተካከያ ቁጥር በእሑድ ላይ ቢባዛ ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ከነጭራሹ ይጠፋሉ። እኛ የሥራ ቀንን፣ ቅዳሜና እሑድን፣ የበዓል ቀንንና የተማሪ ቡድን የሚመጣበትን ቀን ለየብቻ አመሳክረናል። ልፋት አለው። ግን ትልቁ ቁጥር ያለው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ላይ ስለሆነ፣ ልፋቱ እዚያ ላይ መዋል አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። በሌላ አገር ተሰልቶ የመጣ ማስተካከያ ቁጥር ወስዶ እንዳለ መጠቀምም አይገባም፤ እዚያ ያለው ሰው አካሄዱም አለባበሱም ሌላ ነው።

መሄድና መመለስም አለ። መንገዱ ሰው በሄደበት የሚመለስበት ከሆነ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ለሁለት ማካፈል ነው። ዙሮ በሌላ በኩል የሚወጣበት ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቆጠረው። በመናገሻ ሁለቱም ዓይነት አለ፤ ከዚያም አልፎ በዙሪያው መንገድ ጀምሮ መሀል ላይ ደክሞት የሚመለስ ብዙ ሰው አለ። የወጡትንና የወረዱትን ለይቶ የሚመዘግብ፣ ሁለት ሴንሰር ያለው መሣሪያ ይገኛል፤ ዋጋው ከፍ ይላል። ያ ከሌለ በማመሳከሪያው ወረቀት ላይ የአቅጣጫ ዓምድ ማኖር ይበቃል።

አሁን ወደሚከብደኝ ጉዳይ ልግባ። ጎብኝ የምንለው ማንን ነው? በሌሎች አገሮች መመሪያዎች ላይ ይህ ጥያቄ ቀለል ብሎ ይታያል፤ እዚያ በደን መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው በአብዛኛው ለሽርሽር የመጣ ነው። የእኛ ደን ግን መተላለፊያም ነው፣ ማገዶም ነው፣ ግጦሽም ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት አካባቢ መንገዱን ይዘው የሚወጡት ሯጮችና መንገደኞች ናቸው። ረፈድ ሲል ጭራሮ የሚለቅሙ ሴቶች ያልፋሉ፤ ሲመለሱ በጀርባቸው የተሸከሙት ሸክም ከመንገዱ ስፋት ይበልጣል። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በአቋራጭ ይሮጣሉ። ለመዝናናት የመጣው ሰው የሚበዛው ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነው። መሣሪያው ለሁሉም «አንድ» ይላል።

ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ «ጎብኝ ያልሆነውን ቀንሰን እንጣለው» ብለው ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ያቺ ሸክም ያዘለች እናት መንገዱን ከማንም በላይ ትጠቀምበታለች፤ ዳገቱ ላይ ደረጃ ቢሠራ ወይም ዝናብ የሸረሸረው ቦታ ቢጠገን ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው እሷን ነው። ስለዚህ በወረቀታችን ላይ ጎብኝ፣ ሯጭ፣ መንገደኛ፣ እንጨት ለቃሚ፣ ተማሪ፣ ከብትና ሌላ እንስሳ የሚሉ ዓምዶች አድርገን ሁሉንም መዘገብን። ሪፖርቱ ላይ የጎብኝውን ቁጥር ለብቻው፣ የመንገዱን ተጠቃሚ ሁሉ ደግሞ ለብቻው አስቀመጥን። አንድ ነገርም ከመጀመሪያው ከአስጎብኚዎቹና ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ተስማምተናል፦ ይህ ቁጥር ማንንም ለማሳደድ አይውልም። ሕዝብ ካላመነው መሣሪያው አንድ ሳምንት አያድርም፤ እንዲያድርም መመኘት ትክክል አይመስለኝም።

የሌሊቱ ቁጥርም የራሱ ጉዳይ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የሚመዘገበው በአብዛኛው ጅብ፣ ድኩላና ከርከሮ ነው። ቀን ላይ ደግሞ የዝንጀሮ መንጋ መንገዱን ሲያቋርጥ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩ ይወረወራል። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ከፍታ ሲታይ ወዲያው መሰረዝም ወዲያው ማመንም አይገባም። አስጎብኚዎቹ በየዕለቱ የሚጽፉት አንድ ደብተር ነበረን፤ «ዛሬ ከትምህርት ቤት ቡድን መጥቷል»፣ «ዛሬ ከባድ ዝናብ ነበር»፣ «ዝንጀሮዎቹ ላይኛው መንገድ ላይ ዋሉ»። ከኮምፒውተሩ ገበታ ይልቅ ያ ደብተር ብዙ እንቆቅልሽ ፈትቶልናል።

ሰዓትና ቀን አቆጣጠር ላይ በተለይ ልብ በሉ፤ ይህ የእኛው አገር ፈተና ነው። መሣሪያው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚመዘግበው፤ አስጎብኚው ግን «1 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ለመሣሪያው 07:00 ማለት ነው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ካልታረቀ የንጋቱ ሯጭ በሌሊት የሄደ ጅብ ይሆናል። በእያንዳንዱ ወረቀት ራስጌ ላይ «ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ብለን አትመናል፤ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሰው ብቻ ነው የሚቀይረው፤ በሜዳ ላይ ማንም እንዲቀይር አይጠየቅም። መሣሪያው ሰዓቱን ከኮምፒውተር የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት መሞላቱን አረጋግጡ።

ወራቱም እንዲሁ ናቸው። የመሣሪያው ሶፍትዌር ወር ብሎ የሚያጠቃልለው በጎርጎርዮሳዊው ነው። በእኛ ወር ማየት ከፈለጋችሁ የዕለቱን ቁጥር አውጥታችሁ ራሳችሁ መደመር አለባችሁ። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ማግስት አዲስ ዓመት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ መስቀልም ሴፕቴምበር 27 መዋሉ ቀርቶ 28 ይሆናል። ያለፈውን ዓመት የመስቀል ቀን ከዘንድሮው ጋር በፈረንጅ ቀን ብቻ የሚያነጻጽር ሰው በዓሉን ከተራ ቀን ጋር ያመዛዝናል። ፋሲካና ሁዳዴ በየዓመቱ ይዘዋወራሉ፤ ረመዳንም ከዓመት ዓመት በ11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። በጾም ወራት የሽርሽር ቡድን ሲቀንስ፣ በበዓላት ማግስት ሲበዛ አይተናል። እናም ገበታው ላይ ከቀኑ አጠገብ የበዓልና የጾም ዓምድ ጨምሩ። የውጭ ባለሙያ ይህን አይነግራችሁም፤ እኛ ነን የምናውቀው።

ይህ ሥራ በሌላው ዓለም ብዙ ርቆ ሄዷል። የአሜሪካ የደን አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ብሔራዊ የጎብኝዎች ክትትል የሚባል ፕሮግራም አለው፤ እያንዳንዱ ብሔራዊ ደን በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይዳረሳል። በናሙና በተመረጡ ቀናትና ቦታዎች ላይ ቆጣሪ ያቆማሉ፤ በዚያው ዕለት ደግሞ ሠራተኞቻቸው ከደኑ የሚወጡትን ሰዎች እያስቆሙ ያነጋግራሉ፤ ለምን እንደመጡ፣ ስንት ሆነው እንደመጡ፣ ጉብኝታቸውን ጨርሰው መውጣታቸው መሆኑን ይጠይቃሉ። በፊንላንድም የመንግሥት ደን አስተዳዳሪው ሜትሰሃሊቱስ በብሔራዊ ፓርኮቹ መንገዶች ላይ ቆጣሪ ተክሎ ከጎብኝዎች መጠይቅ ጋር ያዛምዳል፤ በየዓመቱ ይፋ የሚያደርገውም የጉብኝቱን ቁጥር ነው፤ አንድ ሰው በዓመት አሥር ጊዜ ቢመጣ አሥር ጉብኝት ይባላል። ብዙ ገንዘብና ብዙ መሣሪያ ያላቸው ተቋማት እንኳን ሰው አሰልፈው መጠየቅን አልተዉም። ይህን ያነሳሁት በመሥሪያ ቤታችሁ «መሣሪያ ከገዛን በኋላ ሰው ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ሲነሣ መልስ እንዲሆናችሁ ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኔም ተነስቶልኛል። በአንድ ስብሰባ ላይ መሣሪያው ያወጣው ጥሬ ቁጥር ትልቅ ስለሆነ እሱው እንዳለ እንዲቀርብ ተጠየቅን። ትልቅ የሆነው ከብቱም፣ መንገደኛውም፣ መሄድና መመለሱም ስላለበት ነበር። አልተቀበልንም። ምክንያታችንን ያስረዳነው በዚያው ደብተርና በማመሳከሪያ ወረቀቶቹ ነው፤ ወረቀቶቹ ባይኖሩ ኖሮ ክርክሩን አንረታም ነበር። በተጋነነ ቁጥር የተያዘ በጀት በሚቀጥለው ዓመት ትክክለኛው ቁጥር ሲመጣ «ጎብኝው ቀነሰ» ተብሎ ይቆረጣል። ስለዚህ ማንኛውንም ቁጥር ስታቀርቡ ጥሬውንም፣ የተስተካከለውንም፣ ማስተካከያ ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘም አብራችሁ አቅርቡ።

ጥገናው ብዙ አያስቸግርም። ሸረሪት ሌንሱ ላይ ድሯን ትሠራለች፤ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው። እርጥበት እንዳይገባ የሳጥኑን ጎማ ማየት፣ ውስጡ የሚቀመጠውን የእርጥበት መጣጭ ከረጢት መቀየር ያስፈልጋል። በከፍታው ብርድ ምክንያት ተራ ባትሪ ቶሎ ስለሚዳከም ሊቲየም ባትሪ ይሻላል። መረጃ በወረደ ቁጥር የመሣሪያው ሰዓት ከእጅ ሰዓት ጋር ይመሳከር፤ ከዚያ አንድ ሰው በፊቱ እያለፈ ቁጥሩ መጨመሩ ይታይ። ሥራ ባቆመባቸው ቀናት የሚመዘገበው ዜሮ ሰው አልመጣም ማለት አይደለምና ባዶ ሆኖ ይለፍ እንጂ በአማካዩ ውስጥ አይግባ።

የቁጥሩ ጥቅም በተግባር ታይቷል። በእሑድ ቀናት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብዙ ሰው በአንዱ መንገድ ላይ እንደሚደራረብ ሲታወቅ አስጎብኚዎቹ ቡድኖችን በሁለት መንገድ ከፍለው፣ መነሻ ሰዓታቸውንም አራርቀው ማስተናገድ ጀመሩ። መጸዳጃ ቤት የሚያስፈልገው በሩ አጠገብ ብቻ ሳይሆን ብዙው ሰው ደክሞት በሚመለስበት ቦታም ጭምር እንደሆነ ለማሳየት ችለናል። ሥሩ የተገለጠ አንድ ትልቅ ጥድ አለ፤ በክረምት ሰው ጭቃውን ሽሽት ከመንገዱ እየወጣ ዙሪያውን ሲረግጠው የኖረ። ከመንገዱ ላይ በዝናብ ወራት ምን ያህል ሰው እንደሚያልፍ በቁጥር ስናቀርብ ድንጋይ እንዲነጠፍ ተፈቀደ። የአንድ ዛፍ ጉዳይ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ለዚያ ዛፍ ሲባል ብቻ ቢሆንም ድካሙ ይገባው ነበር።

መሣሪያ ለመግዛት አቅም የሌላችሁም አትተዉት። በእጅ እየተጫነ የሚቆጥር ቀላል መሣሪያ ወይም እርሳስና ወረቀት ይበቃል። በወር ውስጥ ሁለት የሥራ ቀን፣ አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ በዕጣ ምረጡ፤ የሚመቻችሁን ቀን አትምረጡ፤ ያለዚያ ዝናባማው ቀን ሁሌም ይቀራል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት በሦስት ሰዓት ፈረቃ ሰው አስቀምጡ፤ በዓላትን ለብቻቸው ቁጠሩ። የሥራ ቀኑን አማካይ በወሩ የሥራ ቀናት ቁጥር፣ ቅዳሜውንና እሑዱን በየራሳቸው ቁጥር አባዙና ደምሩ። ፈረቃው ላይ የሚቀመጡትን ወጣቶች ከመንደሩ ውሰዱ፤ አበላቸውንም በዕለቱ ክፈሉ።